ጀርባን ለጀንበር ሰጥቶ

መሳለሚያ ስሙ ሥራውን ይናገራል። መንገደኛ ቆም ብሎ፣ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን መልሶ የሚሳለምበት ቦታ ማለት ነው። ዛሬ እዚያ የሚቆመው በብዛት ታክሲ ጠባቂ፣ ጆንያ የሚያወርድ ወዛደርና ከእህል በረንዳ የሚጭን አይሱዙ ነው። የቦታው አቀማመጥ ግን ያው ነው። መሳለሚያ ያለው በመርካቶ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ነው፤ እዚያ ቆሞ ወደ ገበያው፣ ወደ አውቶቡስ ተራና ወደ አንዋር መስጊድ የሚመለከት ሰው ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ጀርባው ወደ ኮልፌ ይሆናል። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ ጀንበሯ ከኋላው ናት፤ ከፊቱ ያለው ግድግዳ፣ ቆርቆሮ፣ መስታወትና ሚናራ ሁሉ እሷን ትይዩ ይቆማል። አዲስ ካሜራ ገዝቶ የከተማ ሕንፃዎችን በጀንበር መጥለቂያ ማንሳት የፈለገ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህን አቋቋም ይመስለኛል። የምሽቱ የሕንፃ ፎቶ ጀንበሯ ባለችበት በኩል የለም። ያለው በተቃራኒው፣ እሷ በምታየው በኩል ነው።

አብዛኛው ጀማሪ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። ሰማዩ ሲቀላ ካሜራውን ወደ ቀላው ሰማይ ያዞራል። የሚያገኘው ከላይ ብርቱካናማ ሰማይ፣ ከታች እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ጥቁር የጣሪያ መስመር ነው። ፎቶው ዓይን ይስባል፤ ችግሩ የማንም መሆኑ ነው። የናይሮቢ ነው ቢሉት ያሳምናል፣ የካይሮ ነው ቢሉትም ያሳምናል። ጥፋቱ የአንሺው ችሎታ ማነስ አይደለም፣ የብርሃን ልክ ጉዳይ ነው። ጀንበር ያለችበት ሰማይ ጥላ ከያዘው የሕንፃ ፊት እጅግ ስለሚበልጥ፣ ካሜራ በአንድ ቅጽበት ሁለቱንም አሟልቶ መያዝ ይሳነዋል። ሰማዩን ከያዘ ሕንፃው ይጠቁራል፤ ሕንፃውን ከያዘ ሰማዩ ነጭ አቡጀዲ ይሆናል። ራሷ ጀንበርም ፎቶ ላይ እንደተጠበቀችው አትገኝም። ከምድር ስትታይ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ለሕንፃ በሚመረጠው የ24 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ ብናነሳት ከፎቶው ወርድ ከመቶ ሃምሳ አንድ እጅ እንኳ አትሞላም። ለዓይናችን ገዝፋ የምትታየው አእምሯችን በአድማስ ካለው ዛፍና ጣሪያ ጋር እያስተያየ ስለሚያገዝፋት ነው። ካሜራው ይህን አያደርግም፤ ያገኘውን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ፊትን ወደ ምሥራቅ ማዞር ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሰዓቱም አለ። በዚህ ረገድ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ፈረንጆቹ የሌላቸውን እገዛ ይሰጣል። 12 ሰዓት ሲባል ቀን ያለቀበት፣ ማታ የገባበት ነው፤ ቁጥሩ ራሱ የጀንበር መጥለቂያ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ይህ ልማድ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይዋሽም። ጀንበር ቀድማ የምትጠልቀው ኅዳር መባቻ አካባቢ፣ 12 ሰዓት ሲሆን ገደማ ነው፤ የምትዘገየው ሐምሌ መባቻ ላይ ሲሆን ያኔም ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ግድም ትገባለች። ለምድር ወገብ መቅረብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። እዚህ ፀሐይ የምትወርደው እንደ ሰሜን አውሮፓ ተንሸራታ አይደለም፤ ቀጥ ብላ ነው። ከአድማስ 6 ዲግሪ ከፍታ ላይ ካለችበት፣ ማለትም ብርሃኗ ወርቃማ መሆን ከሚጀምርበት፣ እስክትጠልቅ ያለው ጊዜ 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከጠለቀች በኋላ መንገድ ላይ ያለ መብራት ለመሄድ የሚያስችለው ድንግዝግዝ ደግሞ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ በሰኔ ወር ለንደን ላይ ይኸው ድንግዝግዝ 45 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። በአውሮፓውያን የተጻፉ የፎቶግራፍ መመሪያዎች ስለ ወርቃማው «ሰዓት» ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ሰማይ ነው። መርካቶ ላይ ያለው ወርቃማ ሰዓት ግማሽ ሰዓትም አይሞላ።

ከዚያም ላይ ወጨጫ አለ። ከከተማው በስተ ምዕራብ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚነሳው ይህ ተራራ በበጋ ወራት ጀንበሯን ስልኩ ላይ ካለው የመጥለቂያ ሰዓት ደቂቃዎች ቀድሞ ይውጣታል። ስለዚህ «12 ከ5 ላይ ትጠልቃለች» የሚለውን አምኖ 12 ሰዓት ላይ መሳለሚያ የሚደርስ ሰው ግድግዳዎቹን ደብዝዘው ሊያገኛቸው ይችላል። 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ መድረስ፣ ቦታ መምረጥ፣ መጠበቅ ነው። ለዚያ አካባቢ ደግሞ ከስልክ የተሻለ ሰዓት አለ፤ የአንዋር መስጊድ የመግሪብ አዛን። መግሪብ የሚገባው ጀንበር እንደጠለቀች ስለሆነ፣ አዛኑ ሲሰማ የወርቁ ብርሃን አልቆ የሰማያዊው መጀመሩን ማወቅ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለችው 20 ደቂቃ ሌላ ሥራ የምትጠይቅ ናት።

ስለ አየሩም አንድ የተለመደ ስህተት ላንሳ። ጢስ በበዛ ቁጥር ሰማዩ ይቀላል ይባላል፤ ኅዳር 12 ቀን፣ ከተማው በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ እያስታወሰ ቆሻሻ በሚያጥንበት ዕለት፣ ምሽቱ ለፎቶ የሚያምር የሚመስላቸው አሉ። ሰማይን የሚያቀላው ግን በዋናነት ራሱ አየሩ ነው። ጀንበር ዝቅ ስትል ብርሃኗ ረጅም የአየር መንገድ ስለሚያቋርጥ ሰማያዊው እየተበተነ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቀዩ ይደርሰናል። የጢስና የአቧራ ብናኝ ሲጠጥር ሁሉንም ቀለም አንድ ላይ ስለሚበትን የሚተርፈው አመድማ ጭጋግ ነው። የከተማዋ ከፍታም የራሱ ነገር አለው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ብርሃኑ ጀንበሯ በጣም ዝቅ እስክትል ድረስ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ይቆያል፤ ወርቁ ዘግይቶ ይመጣል፣ ፈጥኖ ይሄዳል። ምርጡ ምሽት ዝናብ አየሩን ካጠበ በኋላ፣ ደመናው በስተ ምዕራብ የተሰነጠቀበት ነው። በመስከረምና በጥቅምት እንዲህ ያለ ምሽት ብርቅ አይደለም።

አቅጣጫው ከወር ወር መለዋወጡ ደግሞ የመርካቶን መንገዶች እንደ ቀን መቁጠሪያ ያደርጋቸዋል። ጀንበር በትክክል በስተ ምዕራብ የምትጠልቀው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መጋቢት 12 እና መስከረም 13 ገደማ ብቻ ነው። ከመጋቢት እስከ መስከረም ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት ወደ ደቡብ። ልዩነቱ በሰኔና በታኅሣሥ ከምዕራብ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ከ20 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚዘረጋ መንገድ ላይ ሁለት ትይዩ ሱቆች ይታሰቡን። ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነው ሱቅ የምሽት ፀሐይ የሚያገኘው በግንቦት፣ በሰኔ፣ ደመና ከፈቀደም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ማዶ ያለውና ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነው ግን የእሱን ተራ በኅዳርና በጥር ያገኛል። የሰሜኑን ፊት በታኅሣሥ ለማንሳት የሚመላለስ ሰው ሌንስ ቢቀይር፣ ካሜራ ቢቀይር፣ ወርቅ አያገኝም። በመስቀል ሰሞን ደመራ በሚለኮስበት ሳምንት ደግሞ ብርሃኑ በእነዚህ መንገዶች ላይ ቀጥ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ይፈስሳል፤ በሁለቱም ወገን ያሉ ግድግዳዎች በጎን ይዳሰሳሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ረጅም ጥላውን ወደ ምሥራቅ እየጎተተ ይሄዳል። ከካሜራው መመሪያ መጽሐፍ ይልቅ ይህን የሚያሳውቀው ኮምፓስና የግድግዳ ካላንደር ነው።

እንግዲህ ይህ ብርሃን የሚያርፍበትን እንይ። መርካቶ ዛሬ የያዘውን ስፍራ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነስቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ሲደረግ ነው። አዲስ ከተማ የሚለው ስምም የዚያው ትዝታ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው አንዱ በአንዱ ላይ፣ አንዱ በአንዱ ጎን ሆኖ ስለቀጠለ፣ አንድ የፎቶ ፍሬም ውስጥ የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ሰማያዊ መስታወትና አሉኮቦንድ አብረው ይገባሉ። የምሽት ብርሃን እነዚህን አንድ ዓይነት አያደርጋቸውም፤ እንዲያውም ይለያያቸዋል። ጭቃና ብሎኬት ብርሃኑን ተቀብለው በሁሉም አቅጣጫ ይመልሱታል፤ ስለዚህ ወርቁን ራሳቸው የለበሱ ይመስላሉ። የዛገ ቆርቆሮ ቀድሞም ቀይ ስለሆነ ከብርሃኑ ጋር ተስማምቶ ይፋጃል። አዲስ ቆርቆሮ ግን እንደ ደካማ መስታወት ነው። ከአንድ ማዕዘን ሲታይ ዓይን የሚወጋ ነጭ፣ ሁለት እርምጃ ተጠግቶ ሲታይ የሰማዩን ሰማያዊ ያሳያል። መስታወትም የራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያሳየው ሌላውን ነው። ከመሳለሚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲታይ ርቆ የሚቆመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ አንዳንድ ምሽት ለጥቂት ደቂቃ እንደ ፍም ይቀላል። የሚያሳየን ግን ምዕራቡን ሰማይ ነው። ከፊት የዛገ ቆርቆሮ፣ ከኋላ ይህ ማማ የገባበት ፎቶ ጀንበሯን ሳያሳይ ሁለት ጊዜ ያሳያታል።

በቅርብ ሆኖ ማየት የሚጠቅመው ግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ነው። በባሕር ዛፍ አጠና የተሠራ መወጣጫ የከበበው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በቀትር ሲታይ የተዝረከረከ የእንጨት ክምር ነው። 11 ሰዓት ከ50 ላይ ግን እያንዳንዱ አጠና በጎኑ አንድ ብሩህ መስመር ይይዛል፣ ጥላውን ደግሞ በብሎኬቱ ላይ ሰያፍ አድርጎ ያሰፍራል፤ ሚስማሩ፣ የታሰረበት ሽቦ፣ አጠናው ላይ ሳይላጥ የቀረው ልጥ ሳይቀር ይታያል። ፀሐይዋ ዝቅ ባለች ቁጥር ጥላው ወደ ጎን ይረዝማል፤ ሲሚንቶው ላይ የለሳኙ እጅ የተወው ሞገድ እንኳ ጥላ ይኖረዋል። ለዚህ ታዲያ ጀርባን ለጀንበር በቀጥታ መስጠት አይበጅም፤ ብርሃኑ ከትከሻ በኩል፣ በሰያፍ እንዲመጣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ጥቂት መራመድ ያስፈልጋል። ፊት ለፊት የተመታ ግድግዳ ቀለሙን ይሰጣል፤ በጎን የተዳሰሰ ግድግዳ ገላውን ይሰጣል።

አሁን ወደ አዲሱ ካሜራ እንምጣ፤ ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ዘመናዊ ካሜራ ምሽትን እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። የብርሃን መለኪያው ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ገደማ የሚመልስ ነው ብሎ ስለሚነሳ፣ ሲመሽ «ጨልሟል» ብሎ ያበራዋል። ዋይት ባላንስ የሚባለው ደግሞ አውቶ ላይ ከተተወ፣ ነጭ ግድግዳ በብርቱካናማ ብርሃን ሲጠመቅ «ቀለሙ ተዛብቷል» ብሎ ሰማያዊ ይጨምርና ወደ ነጭ ይመልሰዋል። ሰውየው ከኮልፌ እስከ አውቶቡስ ተራ ወርቅ ፈስሶ አይቶ ያነሳል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያገኘው የከሰዓት 9 ሰዓት መርካቶ ነው። ከዚያ ካሜራውን ይወቅሳል፣ ወይም የተሻለ ለመግዛት ያስባል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም በነፃ ናቸው። ዋይት ባላንሱን ከአውቶ አውጥቶ የፀሐይ ምልክት ያለበት ላይ ማድረግ፤ ከዚያ መደመርና መቀነስ ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ ብርሃኑን ግማሽ ወይም አንድ ደረጃ መቀነስ። ፋይሉን በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያርመው በጥሬው፣ ማስቀመጥ ኋላ ላይ ለማረም ይረዳል፤ ግን ማረም የሚችለው ምሽቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ነው። ለመነሻ ያህል፣ ግድግዳው ወርቅ በለበሰበት ሰዓት አይ ኤስ ኦ 200፣ አፐርቸር 8፣ ሸተር አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ ግድም ይሠራል።

የጥንቶቹ ፎቶ አንሺዎች ችግር የዚህ ተቃራኒ ነበር። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በሠራበት ዘመን በሰፊው ይሠራባቸው የነበሩት የመስታወት ፕሌቶች ለሰማያዊ ብርሃን ንቁ፣ ለቀይ ግን ከሞላ ጎደል ዕውር ነበሩ። የጀንበር መጥለቂያ ብርሃን ደግሞ ሰማያዊው የተወሰደበት ቀይ ነው፤ ስለዚህ ለዓይን ደማቅ የሆነው ግድግዳ በፕሌቱ ላይ ጨለማ ይሆን ነበር። የዚያን ዘመን የከተማ ፎቶዎች በብዛት በጠራ ቀን የተነሱ መሆናቸው የምርጫ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የእነሱ መሣሪያ ምሽትን ማየት አይችልም ነበር፤ የእኛው ያያል፣ ነገር ግን አይቶ ሊያርመው ይሞክራል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ «ይህን ሁሉ ስልኬ ራሱ ይሠራልኝ የለም ወይ?» አዎ፣ ይሠራል፤ ጭንቀቱም እሱ ነው። የስልክ ካሜራ ብዙ ምስል በአንድ ላይ አንስቶ፣ ጥላውን አብርቶ፣ ሰማዩን አጥቁሮ፣ ሁሉንም እኩል የሚታይ አድርጎ ያቀርባል። ጥላ የሌለው ምሽት ግን ምሽት አይደለም። ቢሆንም ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ መሣሪያው እንቅፋት አይደለም። የአዲስ አበባው ፎቶ አንሺ ግርማ በርታ በ2016 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የጌቲና የኢንስታግራም ድጋፍ ሽልማት ካገኙት አንዱ የሆነው በመንገድ ላይ ሰዎችን በስልክ እያነሳ በሠራው ሥራ ነው። ልዩነቱ ስልኩን ማን ያዛል የሚለው ነው፤ ስክሪኑን በጣት ነክቶ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች መጎተት ለስልክም ያው መቀነስ ነው። በሌላ በኩል ካሜራ መግዛት ቀላል ነገር አልሆነም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ለመርካቶ አንባቢ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ይህን ያህል አውጥቶ ካሜራ የገዛ ሰው ቀጥሎ የሚያወጣው ገንዘብ ሳይሆን ምሽት ቢሆን ይሻለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ያረጀን ቤት በወርቅ ብርሃን ማስዋብ ውሸት አይደለም ወይ? እዚያ ውስጥ ክረምት የሚያፈስበት ሰው አለ።» ይህን የሚሉ ሰዎች ማስረጃ አያጡም። በ1860ዎቹ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ሻርል ማርቪል በፓሪስ ከተማ አስተዳደር ተቀጥሮ ሊፈርሱ የታቀዱ ጎዳናዎችን ከ400 በላይ በሚሆኑ ፎቶዎች ሲመዘግብ፣ የፈለገው ድንጋዩ፣ በሩ፣ የመንገዱ ቦይ በግልጽ እንዲታይ ነበር፤ የሚያባብል ቀለም አልነበረውም፣ አላስፈለገውምም። እኛም ዛሬ ተመሳሳይ ዘመን ላይ ነን። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳ ላይ ትውልዶች የሚያውቋቸው ቤቶች ፈርሰዋል። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ሱቅ በአንድ ሌሊት በልቷል። የከተማዋን መለወጥ ለዓመታት በፎቶ የተከታተለው ሚካኤል ጸጋዬ ሥራ ዋጋ የሚያገኘውም ከዚህ ነው፤ የተነሳው ነገር አብሮን አይቆይም። እንዲህ ከሆነ ሕንፃው እንዳለ፣ በቀትር፣ ያለ ቅባት ይነሳ የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው።

ቢሆንም ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ፊት ለፊት የሚመታ ወርቃማ ብርሃን እውነትም ያቆነጃል፤ ይህን መካድ አይቻልም። በሰያፍ የሚዳስሰው ግን የሚያቆነጅ አይደለም፣ ይከስሳል። በቀትር ፀሐይ ከአናት ስትሆን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የግድግዳ ስንጥቅ ጥላ ስለማይኖረው ይጠፋል፤ ሊጠልቅ 10 ደቂቃ በቀረው ብርሃን ግን ያው ስንጥቅ ከጣሪያ እስከ መሠረት ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል፤ የጎበጠው ግድግዳ መጉበጡ፣ ጭቃው የረገፈበት ቦታ ማገሩ፣ ቆርቆሮው በቆርቆሮ የተጣፈበት ሁሉ ይቆጠራል። የአንድን ቤት እርጅና ለማስረዳት የፈለገ መሐንዲስ ቢሆን የሚመርጠው ይኸው ሰዓት ነው። ቀለሙ ያባብላል ብሎ የሚሰጋ ሰውም ያንኑ ፎቶ በጥቁርና ነጭ ያስቀምጥ፤ ጥላው እዚያው አለ። እኔ የምስማማበት ነጥብ ይህ ነው፦ ሰነድ ለመተው የፈለገ ሰው ያንኑ ሕንፃ ከዚያው ቦታ በቀትርም ያንሳው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብርሃኑ የጨመረውና ሕንፃው የነበረው ይለያል።

ሰው ስላለበት ቦታ ስንናገር ጥቂት ነገር መጨመር ግድ ነው። መርካቶ ስቱዲዮ አይደለም። በዚያ ሰዓት ነጋዴው ሂሳብ እየዘጋ፣ በር እየቆለፈ፣ ገንዘብ እየያዘ ነው፤ ካሜራ የደቀነ እንግዳ ሰው ቢያስደነግጠው አይፈረድበትም። የባንክና የመንግሥት ሕንፃ ጥበቃዎች «አይቻልም» ካሉ አይቻልም ነው፤ ክርክሩ የሚበላው ያችኑ 25 ደቂቃ ነው። ለሰላት የሚጣደፍን ሰው ፊት ከማንሳት ሚናራውን ማንሳት ይበቃል። ከመንገድ ይልቅ ፈቃድ ጠይቆ ከአንድ የንግድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ መቆም ሁለት ጥቅም አለው። ካሜራው በግፊያው ውስጥ አይገባም፤ ሌንሱም ወደ ላይ ስለማይቀና ሕንፃዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ መስለው አይወጡም። ከታች ሆኖ ወደ ላይ ያነሳ ሰው ቀጥ ያለው ሕንፃ እንደ ሰከረ ሲያጋድል የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

አዛኑ ከተሰማ በኋላ ካሜራውን ወደ ቦርሳ መክተት የብዙዎች ልማድ ነው፤ የሚቀጥለው ግን ከቀደመው ባይበልጥ እንጂ አያንስም። ጀንበር ከጠለቀች እስከ ድንግዝግዙ መጨረሻ ባለችው 20 ደቂቃ ውስጥ የሰማዩ ብርሃን ወደ መቶ እጥፍ ገደማ ይቀንሳል፤ በመካከል፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ሰማዩና የሱቅ አምፖሉ እኩል የሚሆኑበት ቅጽበት አለ። ያኔ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ ያልተዘጋው ሱቅ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ የጉሊት ሻጯ መብራት በቲማቲሙ ላይ ያርፋል፤ የሕንፃው ቅርጽ ገና በሰማዩ ላይ ይነበባል። ቀድሞ አምፖሉ አይታይም፣ ኋላ ሕንፃው አይታይም። እዚህ ላይ ነው አዲስ ካሜራ የዋጋውን የሚሠራው፤ አይ ኤስ ኦውን 1,600 አድርሶ፣ ክንድን በኮሪደሩ ብረት ላይ አስደግፎ ማንሳት ይቻላል። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ካለ ይረዳል፤ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ላይ መዘርጋቱ ግን ጋሪ ገፊውን ማስቀየም ነው።

ቤት ሲገባ፣ ገና ፎቶዎቹ ሳይገለበጡ፣ አንድ ነገር ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የካሜራው ቀንና ሰዓት። ብዙ አዲስ ካሜራ ከካርቶኑ ሲወጣ ቀኑ አይስተካከልም፤ ያኔ እያንዳንዱ ፋይል ላልኖረበት ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን ይመሰክራል። ቀኑ ቢጠፋ እንኳ ጀርባውን ለጀንበር ሰጥቶ ያነሳ ሰው ሌላ ማስረጃ ይተርፈዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ያ ሱቅ በሌለበት፣ ፎቶውን የሚያይ ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን በሆነው ግድግዳ ላይ የምሽት ወርቅ ካየ፣ ጊዜው ከመጋቢት በኋላ ከመስከረም በፊት እንደነበረ ያውቃል፤ መንገዱ እርጥብ ከሆነ፣ የአጠናው ጥላም ብሎኬቱ ላይ አጋድሎ ወደ ምሥራቅ ከረዘመ፣ ክረምት ነው ብሎ መገመት ይችላል።